ትከሻ ላይ የቀረች እጅ

ያን ቀን ጠዋት ወንድሜ የተዋሳትን ሞተር ደጃችን ላይ አቁሞ ጥሩምባዋን ደጋግሞ ነፋ። ያሳደገችን አክስታችን ከጓዳ ሆና፣ ሚዜ ነው እንዴ፣ ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰው እያለች ታጉረመርማለች። እኔ የጫማዬን ክር እንኳ ሳላስር ወጣሁ።

«ተገኝቷል» አለኝ።

ማን እንደተገኘ ገባኝ። ከኋላው ተፈናጥጬ ወደ ብልባላ ተነሣን።

ይህን ስጽፍ ደስታው ይቀድመኛል። ሐዘኑ ኋላ ነው የሚደርሰው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አላውቅም። እንዳመጣጡ ልጻፈው።

በመጀመሪያ ስለ ፎቶው መናገር አለብኝ። ወንድሜ ላሊበላ ውስጥ ባለች ትንሽ ፎቶ ቤት ነበር የሚሠራው። ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ያትማል፣ ለመታወቂያ በልክ ይቆርጣል። ሥራው ሲያልቅ ግን የሰው ቤት ግድግዳ ይዞር ነበር። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበረው ሰፈር ተነሥቶ ሰዉ ወደ አዲሱ ሰፈር ከሄደ ወዲህ፣ የማን ቤት የት እንደነበረ የሚያውቀው ፎቶ ብቻ ነው ይል ነበር። ፎቶዎቹን እየለመነ ያወርዳል፣ በካሜራው ያነሳቸዋል፣ መልሶ ይሰቅላቸዋል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ስላልነበረኝ አብሬው እዞራለሁ። እሱ ያነሳል፤ እኔ ማን ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ፎቶ የአባ ነበር። አባ ከድሮው ሰፈር የተነሡ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ፎቶው የመጀመሪያው መኪና ወደ ከተማችን የገባ ዕለት የተነሣ ነው። አንድ ፈረንጅ አንሥቶ፣ አጥቦ፣ ኋላ ላይ ላከላቸው። መኪናዋ መሐል ላይ ቆማለች። የሰፈሩ ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ከጀርባ ክቦቹ የድንጋይ ቤቶች ይታያሉ፤ ዛሬ የሉም። ያኔ አባ ገና ዲያቆን ነበሩ።

ግን ፎቶው ተበሳስቶ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፎቶው ይፈለጋል፤ ከፍ ተደርጎ ተይዞ ይለቀስበታል። ሟቹ ከሰው ጋር የተነሣ ከሆነ ችግር ነው። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ በለቅሶ መሐል አይነሣም፤ ሟርት ነው ይባላል። ስለዚህ ሟቹን በመቀስ ቆርጠው ያወጡታል። ቁራጯ ወልድያ ወይም ደሴ ትሄድና ትልቅ ሆና በፍሬም ትመለሳለች። ከሰፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር ዘመዶቹ መቀስ ይዘው አባ ዘንድ ይመጡ ነበር። አባም ለለቅሶ እምቢ አይባልም እያሉ ይሰጧቸው ነበር። በመጨረሻ መኪናዋን የከበባት ሰው ሳይሆን ቀዳዳ ሆነ።

አንድ ቀን ወንድሜ ለአንዲት ሴት የተሰበረ ፍሬም ሲያድስላት ካርቶኑን ላጠው። ከሥሩ ትንሽ የፎቶ ቁራጭ ተለጥፋ ነበር። ወሰድናትና የአባ ፎቶ ላይ አስቀመጥናት። ገጠመች። ለካ ፎቶ የሚያሳድጉት ሰዎች ቁራጯን አይጥሏትም፤ ከፍሬሙ ጀርባ ለጥፈው ነው የሚመልሷት። ወንድሜ ያን ዕለት የአባን ቤት ጣራ ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዘለለ። ከዚያ በኋላ የቀረን ሥራ ቤት ለቤት እየዞርን ፍሬም መገልበጥ ሆነ። አንዳንዱ አባረረን። አንዳንዱ ሣቀብን። ሰዎቹን ግን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስናቸው። ቁራጯ ስትገጥም የሚሰማ ነገር አለ... እንዴት እንደምለው አላውቅም። በጆሮ አይሰማም። ግን ይሰማል።

አንድ ቀዳዳ ቀረ፣ ከወጣቱ ዲያቆን አጠገብ። የዚያ ሰው እጅ አብራ አልተቆረጠችም። ዲያቆኑ ትከሻ ላይ ተቀምጣለች። ክንድ የላት፣ ባለቤት የላት። እጇ የጓደኛቸው እንደሆነች አባ ነግረውናል፤ በበቅሎ ጨው እየጫነ ይነግድ የነበረ ሰው ነው። ዘመዶቹ ብልባላ እንደሚኖሩ ያውቃሉ እንጂ ቤታቸውን አያውቁትም ነበር። ያን ጠዋት ወንድሜ ቤቱን ያገኘው ከአንድ የብልባላ አህያ ነጂ ጠይቆ ነው።

መንገዱ ሁሉ አቧራ ነበር። ወንድሜ እየነዳ ይዘፍናል፤ ድምፁ አያምርም። ጉልበቴን እየመታ፣ ዛሬ ባናገኘው እኔ እገባበታለሁ ቀዳዳው ውስጥ፣ አለኝ። ሣቅን።

ቤቱ ውስጥ የነጋዴው ባለቤት ብቻቸውን ነበሩ፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ ባልቴት። የመጣንበትን ስንነግራቸው፣ የሞተው ሰው እንግዳ መጣለት፣ ለኔ ለቆምኩት ማን መጣ አሉ። ፎቶው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ።

ወንድሜ ጨው ነጋዴው እኚህ መሆናቸውን ጠየቀ። ባልቴቷ ሣቁ። ኮቱን ፎቶው ላይ ስሎ ያለበሰው የደሴው ፎቶ አንሺ ነው፣ በሕይወቱ ከረባት አስሮ አያውቅም፣ እንዲህ ለብሶ ቢመጣ እኔም በር አልከፍትለትም ነበር አሉን።

ለማውረድ ፈቀዱ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁን፤ ፊቱ ወደ መሬት እንዳይሆን። ስለዚህ እኔ ፍሬሙን አቁሜ ያዝኩ፣ ወንድሜ ከኋላ በጉጠት ሚስማሩን ይነቅላል። እኔና ያ ሰው ፊት ለፊት ተፋጠጥን። የወንድሜን ትንፋሽ ከካርቶኑ ማዶ እሰማለሁ። ከዚያ ትንፋሹ ቆመ።

«ታናሹ፣ እዚህ አለ» አለኝ በሹክሹክታ፤ ታናሹ ነው የሚለኝ። «በጋቢው ነው ያለው።»

ቁራጯ ከጥፍር ብዙም አትበልጥም። ጋቢ የለበሰ ሰው፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ያለ። ክንዱ አንጓው ላይ ያልቃል።

ባልቴቷ ግን አልሰጥም አሉ። የባሌን ግማሽ ይዛችሁ ልትሄዱ ነው ወይ አሉ። ወንድሜ ለመናቸው። በካሜራ አንሥቼ ልተውልዎ አለ፣ ግን አፉ ነው እንጂ ልቡ እንደዚያ እንዳልፈለገ አውቃለሁ። ከዚያ ባልቴቷ ራሳቸው ጠየቁ።

«እጁስ? ያቺ እጁ የት ደርሳ ነው? ፎቶ አንሺው ኮት ሲያለብሰው እጅጌው ውስጥ ደበቃት። እኔ ሁልጊዜ እጁን እፈልጋለሁ።»

«ላሊበላ ናት እማማ» አለ ወንድሜ። «አባ ትከሻ ላይ ናት። አልተነሣችም።»

ባልቴቷ መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሣቁ። ያለቀሱ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። መኪናዋ በቅሎዎቼን በላችብኝ ይል ነበር፣ ግን ፎቶ ሊነሣ ማን ቀደመው አሉ። ከዚያ ቁራጯን በገዛ እጃቸው ወንድሜ መዳፍ ላይ አኖሯት።

«በሉ ውሰዱት። ከእጁ ጋር ይገናኝ።»

ስንመለስ ወንድሜ አልዘፈነም። ደስ ሲለው እንደዚያ ነው፤ በመጠኑ ሲሆን ይጮኻል፣ ሲበዛ ዝም ይላል።

አባ ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁን። ወንድሜ ሊያስቀምጥ ሲል፣ አንተ ተው፣ ይህችን እኔ ነኝ አሉ። ቁራጯ ከጣታቸው ሁለቴ አመለጠቻቸው። በሦስተኛው ገጠመች። አባ ነጋዴውን አላናገሩትም፤ እጇን ነው ያናገሩት።

«ይኸው፣ ባለቤትሽ መጣልሽ።»

ፎቶው ሞላ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስታችንም መቀመጥ አቃተን። አባ እንኳ ተነሥተው መቋሚያቸውን ይዘው ወዲያ ወዲህ አሉ። ወንድሜ ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣለት፤ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ሄደን እኛም እንነሣ፣ ልክ እንደነሱ ተሰልፈን አለ። ቦታው ዛሬ ባጃጅ የሚቆምበት ነው። ቆሎ የምትሸጠው ሴት ነበረች፤ በድሮው ፎቶ እናቷ በቆመችበት በኩል አቆማት። በመኪናዋ ቦታ አንዱን ባጃጅ አስጠጋ። ባለ ባጃጁ፣ ተሳፋሪ አጥታ የዋለች ለታሪክ በቃች እያለ መስተዋቱን በእጅጌው ይወለውላል። ባለ ባጃጁ ራሱ በቀኝ ጠርዝ ቆመ። አባ በዲያቆኑ ቦታ ቆሙ። ወንድሜ ካሜራውን ለእኔ ሰጠኝና ሮጦ በነጋዴው ቦታ ገባ። እጁን አባ ትከሻ ላይ አኖረ።

«ታናሹ፣ እጄ እንዳትቆረጥብኝ» አለኝ።

ሁሉም ሣቁ። ያን ጊዜ ነው ያነሳሁት። ስለዚህ በፎቶው ላይ ሁሉም ይሥቃሉ።

ወንድሜ ፎቶ ቤቷ ገብቶ በትልቅ ወረቀት አተመው። ገና እንደወጣ መብራት ጠፋ፣ ዝናብ ጀመረ። ፎቶውን አባ በፌስታል ጠቅልለው ከድሮው ፎቶ ጋር ሊያኖሩት ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

የሚቀጥለውን በአጭሩ እጽፈዋለሁ። ወንድሜ ሊመሽ ሲል ሞተሯን ለባለቤቱ ሊመልስ ወጣ። ቁልቁለቱ ረጥቦ ነበር። ሞተሯ ተንሸራተተች። ሰዎች ተሸክመውት ሐኪም ቤት ደረሱ፤ እሱ ግን አልደረሰም።

ሲነጋ ድንኳን ተተክሎ ነበር። አክስቴ ጠራችኝ። ድምፅዋ ጠፍቷል። ፎቶ ይፈለጋል አለችኝ። የወንድሜ ስልክ ከሱ ጋር ወድቆ ተሰብሯል። ኪሱ ውስጥ የነበረው መታወቂያው በዝናብ ርሶ ፊቱ ጠፍቷል። የልጅነቱ ፎቶ አለ፤ ግን ጎልማሳ በሕፃን ፎቶ አይለቀስም። መብራት አልመጣም፣ ማተም አይቻልም። የቀረው አባ ዘንድ ያለው ብቻ ነው። አክስቴ መቀሱን እጄ ላይ አኖረችው። እሷ ምንም አላጠፋችም። ሁልጊዜም እንደዚህ ነው የሚደረገው።

አባ ለቅሶው ቤት ሊመጡ ለብሰው አገኘኋቸው። መቀሱን አዩ። ፎቶውን አወጡና ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ወንድሜ ይሥቃል። መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው። በፊቱ ዙሪያ ከቆረጥኩ፣ በክንዱ በኩል ሳልፍ፣ እጁ አባ ትከሻ ላይ ትቀራለች። ለአባ ሁለተኛ እጅ ትሆናለች።

«ለለቅሶ እምቢ አልልም» አሉ አባ። «ቁረጥ ልጄ።»

መቀሱን ከፈትኩት። ዘጋሁት።

«አባ፣ እንዳለ ላንሣው? እርስዎን ጭምር?»

አባ ፎቶውን አላዩም፤ እኔን አዩኝ። እጃቸውን ወደ ገዛ ትከሻቸው ወሰዱ።

«አንሣኝ» አሉ። «እስከዛሬ ሰውን ሁሉ አስቆርጫለሁ። እኔን ከነሙሉዬ አንሣኝ።»

ከዚያ የሆነውን ሳስታውስ ልቤ ዛሬም ይሮጣል። ሌሎቹን ሳልጠይቅ ማንሣት አልችልም፤ ፎቶውን በፌስታሉ ደረቴ ላይ ይዤ ሮጥኩ። ቆሎ ሻጯ ለለቅሶው ልትወጣ ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ ደረስኩባት። ነገርኳት። እናቴን በቦታዋ የመለሰልኝ እሱ አይደል፣ ውሰደኝ አለችኝ፤ ጭራሽ የዘገየሁ ይመስል ገፋችኝ።

ባለ ባጃጁ ግን ፈራ። ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች። በዚህ ቀን ሟርት አልችልም፣ ይቅር በለኝ አለ፤ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። አልፈረድኩበትም። መቀሱን ላወጣ መሰለውና እጄን ያዘኝ። አትቁረጠኝ፣ እኔ ያለሁበትን ጠርዝ ወደ ኋላ እጠፍልኝ አለኝ። አጠፍኩለት። እሱና የባጃጇ ግማሽ ወደ ኋላ ሄዱ።

አክስቴ ከድንኳኑ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፎቶውን ስትገልጠው አባን አየች፣ ሴትዮዋን አየች። ምን ልታደርግ ነው፣ የቆመ ሰው በለቅሶ ይነሣል ወይ አለች። ሁሉንም ጠይቄ እንደፈቀዱ ነገርኳት። ከዚያ ጣቴን ወንድሜ እጅ ላይ አድርጌ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። መቀሱን ተቀብላኝ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

አስከሬኑ ሲወጣ ፎቶውን ከራሴ በላይ አነሣሁት። መጀመሪያ ሰዉ ፎቶውንና ከፎቶው ሥር የቆሙትን አባን እያፈራረቀ ያያል። አባ ቀና ብለው ቆሙ። ከዚያ አልቃሿ ድምፅዋን አወጣች፣ ለቅሶው ተነሣ። እኛም ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመርን። ዳገቱ ላይ እጄ ዛለ። ወረቀቱ በነፋስ መታጠፍ ሲጀምር አክስቴ በግራ በኩል ያዘችልኝ።

በቀኝ በኩል ሌላ እጅ መጣ። ባለ ባጃጁ ነው። የታጠፈችውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዘረጋት፣ እዚያው ይዟት አብሮኝ ሄደ።