ዶልፊንና የእህቴ ላም

ሞኝነቴን መጀመሪያ ልናዘዝና ይውጣልኝ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ላምና ጥጃ መካከል ነው። እንዲህ ሆኜ ሳለ፣ ባለፈው ዓመት እህቴ ከጥሊሊ ማዶ ካለው ገጠር ደውላ «ጥጃዋ ሞተችብን» ስትለኝ፣ «በክብር ቅበሯት፣ ቆዳዋን እንዳትነኩ!» ብዬ አዘዝኳት። ይህን ምክር ያገኘሁት ከአባቴ አይደለም። ከዶልፊን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጅባራ ውስጥ አንድ ቢሮ ፋይል የምጠብቅ ሰው ነኝ። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ውኃ ዘንገና ሐይቅ ነው፤ እሱንም ከዳር ቆሜ፣ ዛፍ ጨብጬ። ባሕር የሚባለውን የማውቀው በስልኬ ነው። ኔትወርክ የመጣ ቀን ፋይሉ ይተኛል፣ እኔ ዶልፊን አያለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ቪዲዮ «ዶልፊኖች ከሌላ ኮከብ የመጡ ናቸው፣ በፉጨታቸው ወደ አገራቸው መልእክት ይልካሉ» ይላል። አመንኩ። ማመን መቼ አቅቶኝ ያውቃል! ሻይ ላይ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ሰበክሁ። ዘበኛችን ግን አልተዋጠለትም።

«ኮከብ ድረስ ምን አስኬደህ?» አለኝ። «እነዚህ በኖኅ ጊዜ መርከቡ ያመለጣቸው ሰዎች ናቸው። ሲስቁ አላየሃቸውም? መርከብ ያመለጠው ሰው ካልሳቀ ምን ያደርጋል!»

የኮከብ ወገንና የመርከብ ወገን ሆነን ስንከራከር ሰነበትን። የገላገለን ጎረቤቴ ነው፤ ባዮሎጂ የሚያስተምር፣ በዕድሜ የሚያንሰኝ፣ በትዕግሥት ግን የሚበልጠኝ ሰው። አንድ ቀን በራፌ ላይ ቆሞ ስለ ኮከቡ ስቀባጥር ሰማኝ።

«ጋሼ፣ ዶልፊን እንኳን የኮከብ እንግዳ ሊሆን ዓሣም አይደለም» አለ። «ቅድመ አያቶቹ በአራት እግር የሚሄዱ፣ ሰኮና ያላቸው የየብስ እንስሳት ነበሩ። ውኃ ዳር እየዋሉ፣ እየጠለቁ፣ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ እዚያው ቀሩ። ዛሬ የቅርብ ዘመዳቸው ጉማሬ ነው። ራቅ ሲል ደግሞ ላም።»

«ላም? የእኛዋ ላም?»

«የእርስዎዋ ላም።»

ከዚያ ስልኬን ተቀብሎ ቪዲዮውን አስቆመና የዶልፊኑን ጅራት አሳየኝ። ዓሣ ጅራቱን የሚመታው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ነው። ዶልፊን ግን ወደ ላይና ወደ ታች። «ይህን እንቅስቃሴ የት ያውቁታል?» አለኝ። አገራችን የፈረስ አገር ነው፤ በየዓመቱ በፈረስ በዓላችን ፈረሰኛው ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው እያየሁ ነው ያረጀሁት። ፈረስ ሲጋልብ ወገቡ ሰብሰብ፣ ዘርጋ የሚለው ያ ነው! ባሕር ውስጥ የሚጋልብ እንስሳ!

ጎረቤቴ ቀጠለ። ዶልፊን በእናቱ ማኅፀን ሳለ የኋላ እግር ማቆጥቆጥ ይጀምረዋል፣ ከዚያ ይከስማል። ካደገም በኋላ ሥጋው ውስጥ ትንንሽ አጥንቶች ተደብቀው ይቀራሉ፤ አንድ እርምጃ እንኳ የማያስኬዱ፣ መሄድን ግን ያልረሱ። አየር ይተነፍሳል፣ ጡት ያጠባል። እያንዳንዱ እንደ ስም የሆነ የራሱ ፉጨት አለው፣ ሌሎቹም በዚያ ይለዩታል። መስታወት ቢያሳዩት ራሱን ያውቃል። ሲተኛ ግማሽ አንጎሉ ነቅቶ፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ ነው። ይህን የመጨረሻውን እኔም ቢሮ ውስጥ ሞክሬው ነበር፤ አለቃዬ ሁለቱም ግማሾቼ ተኝተው እንዳገኛቸው ነግሮኛል።

ከዚያ ወዲህ የኮከቡ ወሬ ቀለለብኝ። ሰኮና ይዞ ባሕር የገባ እያለ ከኮከብ የመጣውን ማን ያየዋል?

በዚያው ሰሞን አንዲት ዶልፊን የሞተ ልጇን በአፍንጫዋ ከውኃው በላይ ደግፋ፣ ቀን ከሌት ስትዞር አየሁ። ሲሰምጥባት ትጠልቃለች፣ ታወጣዋለች፣ ደግሞ ትይዘዋለች። አለቀስኩ ብል ዘበኛው ስለሚስቅብኝ መነጽሬን ጠረግሁ እንበል። እህቴ የደወለችው በማግሥቱ ነው። «ቅበሯት!» ያልኩትም ለዚህ ነው፤ የዶልፊኗንም ነገር አጫውቻታለሁ። እህቴ ታላቄ ናት፣ ግን የተማረ ሰው ታከብራለች፤ ጥፋቷ እሱ ብቻ ነው። ቀበረቻት።

በነጋታው እንደገና ደወለች። «አንተ፣ ላሟ ወተት ነሳች። ግቷ ተወጥሮ ትራገጣለች። ባለቤቴ በፊታችን ገበያ ለሥጋ ነው የምትሸጠው ብሏል» አለችኝ። ያለቻት ላም እሷ ብቻ ናት፤ ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጇ ያሳደገቻት።

የገበሬው ልጅ የነቃው ያን ጊዜ ነው። በእኛ አገር ጥጃዋ የሞተባት ላም የጥጃዋ ቆዳ ተገፎ፣ ገለባ ተሞልቶ ፊቷ ይቀመጥላታል። እሱን ስትልስ ወተቷን ትለቃለች። ይህን የማያውቅ ሰው በመንደሩ አልነበረም፤ እኔ ግን ስልክ ይዤ ረሳሁት።

ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ከጥሊሊ በእግሬ ተጉዤ ደረስኩ። የእህቴ ባል አካፋ ይዞ ደጅ ላይ ጠበቀኝ።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለ አካፋውን እያቀበለኝ። «ያስቀበረ ያውጣ።»

«ጋሼ፣ ሸትቶ ይሆን እንዴ?» አልኩት።

«ዓሣህን ጠይቀው!»

ቆፈርኩ። የቢሮ ጫማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ቢሮ ገብቶ አያውቅም። ደግነቱ የአገራችን ብርድ ቆዳውን አትርፎታል። የእህቴ ባል ገፈፈው፣ እህቴ ጨው አሽታ ፀሐይ ላይ አዋለችው፤ በማግሥቱ ጠዋት ገለባ ጠቀጠቅንበት። የወጣልን ነገር ከጥጃ ይልቅ የእንግዳ ትራስ ይመስላል። «ይህን አይታ አገር ጥላ ትጠፋለች» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

እህቴ ላሟን በአዊኛ እያባበለች አመጣቻት። ላሟ አፍንጫዋን ዘረጋች፣ ሸተተች፣ ፊቷን አዞረች። የእህቴ ባል አንገቱን ነቀነቀ። እህቴ አልተነቃነቀችም። ቆይታ ላሟ ቀስ ብላ ተመለሰች፤ ከሆዷ የሚወጣ ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማችና መላስ ጀመረች። ከጀርባው ጀምራ እስከ ጅራቱ ላሰችው። እህቴ ሥሯ ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆይቶ ወተቱ ማለቢያውን ሲመታ ሰማሁ።

ላሟን አየኋት። ዘመዶቿ ባሕር ገብተው እግራቸው ከሰመ፤ እሷ ሰኮናዋን ይዛ እዚህ ብርድ ላይ ቀረች። ሳይለያዩ በፊት የነበረችው ያቺ እናት፣ መልኳን ማንም የማያውቀው፣ እሷም በአንድ ውኃ ዳር የሞተ ልጇን እንዲህ ሸትታው ይሆን? ካፖርቴን ሰበሰብኩ፤ የብርድ ብቻ አልነበረም።

የእህቴ ባል «በቃ፣ ገበያው ይቅር» ብሎ ወደ ማሳው ሄደ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

«እታለም፣ አታለልናት እኮ» አልኳት። «ዶልፊኗ የያዘችው ልጇን ነው። ይህቺ ገለባ ትልሳለች።»

እህቴ እጇን ከማለብ ሳታቆም፦ «ገለባ መሆኑ ጠፍቷት ይመስልሃል? አፍንጫ አላት እኮ! የምትልሰው ሌላ የቀራት ስለሌለ ነው። አሁን ዞር በል፣ እንዳትረግጥህ» አለችኝ።