ከሸርቆሌ የጠራነው አሰልጣኝ

አሰልጣኛችን የሄደው በስልክ መልእክት ነው። የመጨረሻው ጨዋታ አልቆ ተጫዋቾቹ ወደ አሶሳ ሲመለሱ እሱ መንገድ ላይ ወርዶ ቀረ። ከሁለት ቀን በኋላ ለክለቡ ኃላፊ «ጤናዬ አልፈቀደልኝም፤ ይቅናችሁ» ብሎ ጻፈ። ማንም አልፈረደበትም። በዚያ ዓመት አንድም ጨዋታ በሜዳችን አልተጫወትንም። መንገዱ አያስተማምንም ስለተባለ እንግዳ ቡድን ወደ እኛ አይመጣም ነበር፤ ስለዚህ «በሜዳችን» የሚባለውን ጨዋታ ሁሉ የምንጫወተው በሰው ከተማ፣ በሰው ደጋፊ ፊት ነው። እኛ አሶሳ ተቀምጠን ውጤቱን በስልክ እንሰማለን። ብዙውን ጊዜ ባንሰማው ይሻለን ነበር። በመጨረሻም ከሊጉ ወረድን።

ደጋፊዎቹ የምንሰበሰበው ከሜዳው የቀርከሃ አጥር ፊት ለፊት ባለ ልብስ ስፌት ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊው የበርታ ሰው ነው። የቡድኑን ማሊያ ቁጥር ለዓመታት የሰፋው እሱ ነው፤ ለተቀደደው ማሊያም ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን ያቀላቅላል፤ ቡድኑን «እሷ» ነው የሚላት። እኔን «ኡስታዝ» ይለኛል፤ አስተማሪ ስለሆንኩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ለማስተማር ከጎጃም ተመድቤ ከመጣሁ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ሁለቱም ልጆቼ የተወለዱት አሶሳ ነው።

የአሰልጣኙ ክርክር የተጀመረው ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናብ በረንዳው ላይ አግዶን ሳለ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ሁለት ወጣት መምህራን ቴሌቪዥን ላይ ሲተነትን የሚያዩትን አንድ ታዋቂ አሰልጣኝ ካላመጣን ብለው ያዙን።

«ስሙ ብቻ ተጫዋች ይስባል» አለ አንደኛው።

«ስሙ ወባ ሲይዘው ምን ያደርጋል?» አሉ አዴ። አዴ የምንላቸው ከወለጋ መጥተው ባምባሲ ገበያ ሰሊጥና በቆሎ የሚነግዱ ሴት ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በቀጥታ ወደ በረንዳው ይመጣሉ። ሜዳ ውስጥ ከእሳቸው የሚበልጥ ድምፅ አልነበረንም። «ያ ሰውዬ እዚህ አንድ ክረምት ያድራል? ሻንጣውን ሳይፈታ ነው የሚመለሰው።»

ልብስ ሰፊው በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናውን ሳያቆም ሰማን ሰማንና «ቡድናችን ታማለች» አለ። «የታመመች ሰው ቤት አጠገብ ያለውን ሐኪም ነው የምትጠራው። ሸርቆሌ ያለውን ልጅ እናምጣ።»

ሁላችንም አወቅነው። የአሶሳ ልጅ፣ የልብስ ሰፊው ዘመድ ነው፤ በጊዜው የቡድናችን ግራ ተከላካይ ነበር። ጉልበቱ ተሰብሮ እስኪያቆም ድረስ በእሱ በኩል ያለፈ አጥቂ ትዝ አይለኝም። አሁን ሸርቆሌ ስደተኞች መጠለያ ውስጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት በሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆኖ ልጆች ያሠለጥናል። አዴ ወዲያው «እሱ ነው! እሱ ነው!» አሉ።

እኔ ተቃወምኩ። ልጁን እወደው ነበር፤ ግን የአሰልጣኝነት ላይሰንስ የሌለው ሰው የአሰልጣኝ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ስሙ ባይታወቅም ላይሰንስ ያለው ሰው ከየትም ይፈለግ አልኩ። ክርክሩ ሦስት እሑድ ፈጀ። በሦስተኛው እሑድ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የቡድኑን ዕድል በዝምድና አትወስኑ» ስል ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ።

«ኡስታዝ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «አንተ ነገ ዝውውር ይመጣልሃል፣ ትሄዳለህ። እኛ እዚህ ነን። የቤታችንን ነገር እኛ እንናገር።»

 አንዱ ወጣት መምህር የጫማውን ጭቃ በእንጨት መጫር ጀመረ። አዴ «ኧረ ተው፣ ምን ማለትህ ነው?» አሉት፤ እሱ ግን መልሶ ወደ ስፌቱ ጎንበስ አለ።  እኔ ለቡድኑ በፀሐይና በዝናብ የጮህኩበትን አሥራ አራት ዓመት በልቤ ቆጠርኩ። ይበልጥ የከነከነኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። በዚያው ሰኔ የዝውውር ቅጽ ሞልቼ አስገብቻለሁ። ከሚስቴ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር።

ማክሰኞ ራሴ ልብስ ሰፊው ጋ ሄጄ «እኔና አንተ ሸርቆሌ እንሂድና ልጁን እንጠይቀው» አልኩት። ለምን እንደሄድኩ ያን ጊዜ ለራሴ አልነገርኩትም። አሁን አውቀዋለሁ፤ እንግዳ አለመሆኔን ላሳይ ነው።

ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድን። ልጁን ያገኘነው ከክፍሎቹ ጀርባ፣ ሣሩ ባለቀ ሜዳ ላይ ነው። አርባ የሚሆኑ ሕፃናት ከብበውት በአረብኛ ያዛቸዋል፤ ሲስቁ እሱም ይስቃል። ጉልበቱን ሳያጥፍ ነው የሚራመደው። ልብስ ሰፊውን «አጎቴ» ብሎ አቀፈው፣ እኔንም ተማሪዬ የነበረ ይመስል ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። ሻይ ቤት ወሰደን። የመጣንበትን ስንነግረው ብርጭቆውን ደጋግሞ አዞረው።

«ላይሰንስ የለህም ብዬ የተቃወምኩት እኔ ነኝ» አልኩት፣ እውነቱን ከእኔ እንዲሰማ ብዬ።

ተነሥቶ ወደ ማደሪያው ሄደና በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በፊት ዕረፍቱን አዲስ አበባ አሳልፎ ሥልጠናውን ወስዷል። ለማንም አልተናገረም። «አንድ ቀን ትጠሩኛላችሁ ብዬ ነው» አለ፣ አፍሮ።

ወረቀቱን አንብቤ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ በአፌ ላይ ምን እንደወረደ እንጃ። ሜዳው ሲሞላ የነበረውን ጩኸት፣ አጥሩ ላይ የሚንጠላጠለውን ሕዝብ፣ ከተማው እሱን እንዴት እንደሚያስታውስ ተረክሁለት። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ተጫዋች ግን አለ?» አለ። «ግማሾቹ ወርቅ ቁፋሮ ገቡ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አሰልጣኝ ካለ ይመለሳሉ።»

«ክለቡስ? ዘንድሮ ይመዘገባል?»

ኃላፊውን በዚያ ሳምንት መንገድ ላይ አግኝቼ ጠይቄው ነበር። የመለሰልኝ «እናያለን» ብቻ ነው።

«ኃላፊውን አነጋግሬዋለሁ» አልኩ። «የምዝገባው ነገር አልቆለታል።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየኝ። ልጁ «እንግዲያው አስቤ ልንገራችሁ» አለ፤ ፊቱ ላይ ግን አስቦ መጨረሱ ይታይ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ደስታ እንደ ትኩሳት ይዞኝ ነበር። ልብስ ሰፊው በመስኮት እያየ ቆየና «ጥሩ ተናገርክ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ሚስትህ ለልጆቹ ወፍራም ካፖርት አሰፋች። ሐምሌ ላይ። አሶሳ ካፖርት የምትለብስ ልጅ የት አለች ኡስታዝ?» አለ።

ዝውውር መጠየቄን ከሐምሌ ጀምሮ ያውቅ ኖሯል።  

ሳምንት ሳይሞላ የክለቡ ኃላፊ ሁላችንንም ቢሮው አስጠራን። «ዘንድሮ አንወዳደርም» አለ። በጀት የለም፣ መንገዱም እንዳለ ነው፣ ወጪው ሁሉ ለሆቴልና ለአውቶቡስ ሆኗል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲነግረን ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አዴ «ቀጣዩ ዓመትስ?» ሲሉት ትከሻውን ነቀነቀ።

ከቢሮው እንደወጣን ልብስ ሰፊው ወደ ሸርቆሌ ደወለ። አይሠራም። በማግስቱም ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። አዴ «ሰው እንላክ፣ ልጁ ሥራውን ሳይለቅ» አሉ። እኔ እሄዳለሁ አልኩ፤ ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኛ። ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ ቅዳሜ ዘነበ። እሑድ ራሴን አመመኝ አልኩ። ሰኞና ማክሰኞ የተማሪ ምዝገባ ነበር። ዝናቡም ምዝገባውም ውሸት አልነበሩም። ግን በዚያ ዝናብ ሚኒባሶቹ ይሄዱ ነበር። ፊቱን ማየት ፈርቼ ነው የቀረሁት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ መጣ። ሁለት ሻንጣና አንድ ደብተር ይዞ ከሚኒባስ ወረደ። ፀጉሩን ተቆርጧል፣ ያንን የማያጥፈውን እግሩን እየጎተተ በፍጥነት ወደ በረንዳው መጣ። ደብተሩን ገልጦ አሳየን፤ የልምምድ ቀናቱን፣ ማን በየትኛው ቦታ እንደሚሰለፍ፣ ከወርቅ ቁፋሮ የሚመለሱትን ልጆች ስም ሳይቀር ጽፏል።

«የትምህርት ቤቱን ሥራ አስረክቤ መጣሁ» አለ። «በእኔ ቦታ ወዲያው ሰው አገኙ፣ ጥሩ ልጅ ነው። ልጆቹ ትንሽ አለቀሱ እንጂ። ተጫዋቾቹ መቼ ይሰበሰባሉ?»

ልብስ ሰፊው ወደ እኔ አየ። አዴም አዩኝ።  የነገሩት አዴ ናቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ» አሉት፣ እጁን ይዘው። ከዚያ ሁሉንም ነገሩት።

ሲሰማ ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «መምህር፣ አልቆለታል አላልከኝም?» አለኝ።

«ብያለሁ» አልኩ።

ሌላ አልጠየቀኝም። ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ፣ እጁን ቢያነሣብኝ እንኳን ይሻለኝ ነበር። ሻንጣዎቹን ከመንገደኛ እግር አሽሽቶ ወደ ግድግዳው አስጠጋቸውና ውኃ ጠየቀ።

ለትምህርት ቤቱ ማመልከቻ ጻፍኩለት። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን፣ እሱ ተታሎ መልቀቁን በምችለው አማርኛ ሁሉ ገለጽኩ። ይዤውም ሄድኩ፤ በዚያን ቀን ዝናብ ነበር፣ ራሴንም አላመመኝም። የትምህርት ቤቱ ሰው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቦ «እናዝናለን፣ ቦታው ተይዟል» አለኝ። ስወጣ አዲሱን መምህር ከሕፃናቱ ጋር ሜዳው ላይ አየሁት። እውነትም ጥሩ ልጅ ይመስላል።

ልጁ ልብስ ሰፊው ቤት ከወር በላይ ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ድረስ ሄዶ ይመለሳል ይሉኛል። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ ነበር። ኅዳር ላይ ጉባ፣ የግድቡ ግንባታ ካምፕ ውስጥ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ጥበቃ ሆኖ ገባ። የሸኙት ልብስ ሰፊውና አዴ ናቸው። ለእኔ የነገረኝ የለም፤ ተነግሮኝም ቢሆን መሄዴን እንጃ።

በረንዳው ላይ መሰብሰቡ በራሱ ጊዜ ቀረ። ወጣቶቹ መምህራን የውጭ ሊግ ወደሚታይበት ቤት ሄዱ። አዴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ቤታቸው ይገባሉ። እኔ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሱሪ ላሳጥር ገባሁና ልብስ ሰፊውን ስለ ልጁ ጠየቅሁት።

«ደህና ናት» አለኝ፣ መርፌ ውስጥ ክር እየከተተ። «ሠራተኞች እዚያ ኳስ ይጫወታሉ። እሱ ዳር ቁጭ ብሎ ያያል። ተጫዋች እንደነበረ አልነገራቸውም። ለምን አትነግርም ስለው ‹ከነገርኩ አሰልጥነን ይሉኛል› አለ።»

ሱሪውን ሐሙስ ና ውሰድ አለኝ። ዝውውሩ በዚያ ዓመት አልመጣልኝም። ሰኔ ሲደርስ ቅጹን እንደገና ሞላሁ፤ በዚህ ጊዜ ለልብስ ሰፊው አስቀድሜ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና «አላህ ያሳካልህ» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቂም ፈልጌ ነበር፣ አላገኘሁም፤ ወዳጅነትም አላገኘሁም።