ተንባዩ ፓምፕና የጋሽ ተካ ኳስ

«አሁን ውሃ የሚጠቀም ሰው የለም ይላል ሲስተሙ።»

ኢንጂነሩ ይህን ያለን ዛሬ ጠዋት በልደታ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ፣ ባዶ ጀሪካን ይዘን ፊቱ ተኮልኩለን ሳለ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከጣሪያው ሮቶ ውስጥ ተንሳፋፊውን ኳስ ነቅሎ፣ ፍጆታችንን እየተነበየ ፓምፑን የሚያዝ ዘመናዊ መቆጣጠሪያ ገጠመልን። ኳሱ ትንቢት አያውቅም ነበር፤ ውሃው ሲጎድል ፓምፑን ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል። በቃ።

አዲሱ ግን ሰው ቧንቧ የሚከፍተው ውሃ ሲያስፈልገው ይመስለዋል። (ልደታ ኖሮ አያውቅማ!) እኛ የምንከፍተው ውሃ ሲመጣ ነው። ዛሬ ከአራት ቀን በኋላ መጣ፤ ሁሉም ቤት በርሜሉን ደቀነ፣ ፓምፑ አንዴ ሞልቶት የነበረው ሮቶ ወዲያው ተንጠፈጠፈ። ታች ያለው ታንከር ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ፓምፑ ዝም።

ቧንቧ ሠራተኛችን ጋሽ ተካ «ልጄ፣ ወጥቶ ሮቶውን ያየ አለ?» ብለው ኢንጂነሩን ቢጠይቁት ስልኩን አሳያቸው። ስልኩ ላይ፣ በትንበያው መሠረት፣ ሮቶው ሙሉ ነው!

ጋሽ ተካ ኳሱን ከመሣሪያ ሳጥናቸው አውጥተው ደረጃውን ወጡ። ለካ አልጣሉትም ነበር።

እኔ? ማስተርሴን የሠራሁት በዚሁ በትንበያ በሚሠራ ቁጥጥር ላይ ነው። ዛሬ ጀሪካኔን ታቅፌ ኳሱን ጠበቅኩ።

እናንተስ ሰፈር «ስማርት» ሲመጣ የተነቀለ ደህና ነገር ምንድን ነው? ጋሽ ተካ የሌላችሁስ እንዴት ነው የምትኖሩት?