ጠበሉ የቀላ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ የደባርቅ ወንዞች መጉደል ሲጀምሩ ነው። ለሰው ማውራት ስለማፍር እስከ ዛሬ በሆዴ ይዤው ቆየሁ። ስጽፈው ግን ማንም ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ እትዬ ዘውዴ ቤት ሥራ ገባሁ። ሰባት ሴቶች ሆነን የበግ ጸጉር እናጥባለን፣ ቀለም እንነክራለን፣ ባና የሚባል የሱፍ ብርድ ልብስና ቆብ እንሠራለን። የሰሜን ተራሮችን ሊያዩ ወደ ቡይት ራስ የሚወጡ እንግዶች ከእኛ ይገዛሉ።

የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞች መጥተው፣ የቀለም ውሃ ወንዝ እንዳይገባ ጉድጓድ ቆፍሩ ብለውን ነበር። እትዬ ዘውዴም አስቆፈሩ። ክረምት ሲገባ ግን ጉድጓዱ ቶሎ ሞላ።

"ትንሽ ልቀቂለት፣ የኔ ልጅ። ጎርፉ ያጥበዋል" አሉኝ።

በዶማ ቦይ ቀደድኩና ወደ ወንዙ ለቀቅኩት። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ማፍሰስ የእኔ ሥራ ሆነ።

አንድ ቀን ከአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞቹ አንዱ፣ ተቆጣጣሪው፣ ተመልሶ መጣ። ጉድጓዱን አየና ወደ እኔ ዞሮ፣ "እህቴ፣ ይኼ ሲሞላ የት ነው የምትደፉት?" አለኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

እትዬ ዘውዴ ሳቅ ብለው፣ "እሷን ተዋት፤ እንኳን ለእንግዳ ለእኛም አታወራ" አሉት። እሱም ስቆ ፈርሞ ሄደ።

ዝናቡ ካቆመ በኋላም መልቀቄን አልተውኩም። ወንዙ መቅጠኑን ልብ አላልኩም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ወረድኩ። ጠበሉ ከእትዬ ዘውዴ ቤት በታች፣ ወንዙ ዳር ነው የሚፈልቀው፤ የወንዙ ውሃ ይሰርግበታል። ስደርስ ሰዉ ተንበርክኮ "እግዚኦ" ይላል። ውሃው ቀልቷል። አንዲት መነኩሲት "ደም ነው፣ ምልክት ነው" እያሉ ያለቅሳሉ።

እኔ ገና ሳየው አወቅኩት። ትናንት የነከርኩበት ቀለም ነው። ጥፍሬ ሥር ያለውም እሱው ነው።

ከጎኔ ከዳባት የመጣች እናት የታመመች ልጇን ታቅፋለች። ልጅቷ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቢጫ ሻሽ አስራለች፤ ከመክሳቷ የተነሳ አንገቷ ራሷን የሚችል አይመስልም።

"ጠጪ፣ እናቴ። ለአንቺ ብሎ የላከው ነው" ትላታለች። አንድ ጣሳ አጠጥታ ሁለተኛውን ቀዳች።

ተይ ልላት አፌን ከፈትኩ። እጄ ቀደመኝ። ጣሳውን መትቼ ደፋሁት።

"አለባት! ጠበሉን ፈራች!" አለ አንዱ ከኋላዬ። እኛ ዘንድ ጠበል የሚሸሽ ሰው ርኩስ መንፈስ አለበት ነው የሚባለው። ግራና ቀኝ ያዙኝ። ያንኑ ቀይ ውሃ ፊቴ ላይ እየደፉ፣ "ተናገር! ማን ነህ? ከየት መጣህ?" ይሉኝ ጀመር። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ተናገሪ ብሎኝ አያውቅም።

"ከእትዬ ዘውዴ ቤት!" ብዬ ጮህኩ። "ቀለም ነው! እኔ ነኝ የለቀቅኩት!"

"ይዋሻል፣ ልማዱ ነው! ጨምሩለት!" አሉ።

የሚያጠምቁት መምሬ ግን፣ "ቆዩ እስቲ" ብለው እጄን ያዙ። ጥፍሬን አገላብጠው አዩ። የያዙትን ውሃ መሬት ላይ ደፉና ወደ እናትየዋ ዞሩ።

"ልጄ፣ ይኼን አታጠጫት" አሏት።

"አንድ ጣሳ ጠጥታለች እኮ፣ አባቴ" አለች እናትየዋ። ልጇን አዝላ ሽቅብ መንገዱን ስትወጣ አየኋት።

በሳምንቱ የእትዬ ዘውዴን ቤት የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞች አሸጉት። ስድስቱ ጓደኞቼ እኔን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። እትዬ ዘውዴ ግን አንድ ቀን አስቁመው፣ "ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የጮህሽ፣ ለእኔ ጠጋ ብለሽ ይቅርብን ማለት አቃተሽ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ተቆጣጣሪውም "እህቴ" ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ጠይቆኝ ነበር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ከዳባት የሚመጡት መኪናዎች ሲቆሙ፣ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ ትወርድ እንደሆነ አያለሁ። ሰው እንዳልጠይቅ፣ ስሟን አላውቀውም።