ሬዲዮው በሚልክበት ቅጽበት

ገላኔ ኮርሳ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ጎመን ያበቅሉበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፤ እሷም የምትኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎፋ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የቺፕ ዲዛይን ድርጅት በሲስተም መሐንዲስነት ሲቀጥራት፣ ሥራዋ በትክክል ያልገባቸው ባልደረቦቿ "የሁሉም፣ የማንም" ይሏት ነበር።

ድርጅቱ በጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ሙቀት የሚለካና ልኬቱን በሬዲዮ የሚልክ ቺፕ ነደፈ። አንዱ መለኪያውን፣ ሌላው ሬዲዮውን ሠራ፤ ሁሉም የየራሱን ክፍል ፈትሾ ደህና ነው አለ። ንድፉ ውጭ አገር ወዳለው ፋብሪካ ሊላክ ሲል ገላኔ ይቆይ አለች። ፋብሪካ የገባ ቺፕ አይታረምም፤ ቢበላሽ ድርጅቱ ሌላ ለማሠራት አቅም አልነበረውም።

ያሳሰባት ባትሪው ነበር። ቺፑን፣ የሚገጠምበትን ሰሌዳና ትንሿን ባትሪ አንድ ላይ አድርጎ የፈተሸ ሰው የለም። የቡድኑ መሪ ሚሳኤል ባትሪ የሚገዛ ዕቃ እንጂ የእኛ ሥራ አይደለም አላት።

"ሚሳዬ፣ የእኔ ቧንቧ ምንም አልሆነም፤ የታች ጎረቤቶቼም ቧንቧ ደህና ነው። ጠዋት እነሱ ሲከፍቱ ግን አራተኛ ፎቅ እኔ ጋ ውኃ የለም" አለችው ገላኔ።

"ቧንቧ ሠራተኛ ቀጥረናል ለካ" አለ ሬዲዮውን የሠራው ሙሄ። ተሳቀ። ሚሳኤል ግን አንድ ሳምንት ሰጣት።

ገላኔ ሙሉውን መሣሪያ በኮምፒውተር አስመስላ፣ በቅዝቃዜ ውስጥ፣ በደከመ ባትሪ አስኬደችው። ሬዲዮው መላክ ሲጀምር ብዙ ኃይል በአንዴ ሳበ፤ ቮልቴጁ ወረደ፤ መለኪያውም ያልሞቀውን ማቀዝቀዣ ሞቋል አለ። አንዲት ነርስ ይህን አምና ደህናውን ክትባት ትጥለዋለች።

ሙሄ ስክሪኑን ደጋግሞ አየ። ከዚያም የሬዲዮውን የኃይል መስመር ከመለኪያው ራሱ ለየ። ገላኔ ደግሞ መለካትና መላክ በአንድ ቅጽበት እንዳይገናኙ አደረገች፤ ሰሌዳው ላይም ኃይል የሚያጠራቅም ካፓሲተር አስጨመረች።

ቺፑ ተሠርቶ ሲመጣ ቢሮ ውስጥ ያለ አሮጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ። ሚሳኤል ሆን ብሎ የደከመ ባትሪ አስገባለት። ሬዲዮው ላከ፤ አራት ዲግሪ። እንደገና ላከ፤ አራት ዲግሪ። ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ሙሄ ወንበር ላይ ወጥቶ አጨበጨበ፤ ቢሮው በሙሉ ተከተለው።

የሚቀጥለው ቺፕ ሥራ በሚከፋፈልበት ቀን ሚሳኤል ማንንም ሳይመድብ ወደ ገላኔ ዞረ።

"እትዬ ሲስተም፣ መጀመሪያ አንቺ ተናገሪ። ምን ዓይነት ባትሪ ነው የምንይዘው?"