ጽዋውን ተቀብዬ ወጣሁ

ነገ መንገድ ክፍት ነው የሚለው ወሬ የመጣው አመሻሽ ላይ ነበር። በእኛ አገር አሁን እንዲህ ሲባል ሰው አያመነታም፤ የታመመው ለሕክምና ይወጣል፣ ነጋዴው ዕቃውን ይጭናል፣ ተማሪውም ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። እኔም ሻንጣዬን አወጣሁ። ቪዛው ፓስፖርቴ ላይ ከተመታ ሰንብቷል፣ የፍራንክፈርት ትኬቴም ተቆርጧል፤ የቀረኝ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር መድረስ ብቻ ነበር። ባሕር ዳር መድረስ አንዳንዴ ጀርመን ከመድረስ እንደሚከብድ አገር ቤት ያላችሁት ታውቁታላችሁ፤ ለሌላው ብናስረዳውም አያምነንም።

በዚያ ምሽት ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና የአክስቴ ልጅ ትጓደድ ነን። ትጓደድ ትዳሯ ፈርሶ ከጋሳይ ከተማ የመጣች፣ አባቴ ከታመመ ጀምሮ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘች ሴት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። በሶ ስትቋጥርልኝ ቆየችና ወደ ጓዳው ቀና ብላ «እሱንስ?» አለችኝ።

እሱ ያለችው ጽዋውን ነው። የአባቴ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ጓዳው ውስጥ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ተቀብዬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወር ሲሞላ ማኅበርተኛውን ጠርቼ፣ አብልቼና አጠጥቼ፣ ለቀጣዩ ባለተራ ማስረከብ ያለብኝም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ጀርመን ነኝ። እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ልንገራችሁ፤ የኔን ስሕተት የሚደግም ሰው መኖሩ ስለማይቀር።

አባቴ ወርቁ ከእብናት እህል እያስመጣ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ባለ ስድስት ክፍል ቤቱን በዚያው ንግድ ነው የሠራው። እናቴ ቀድማ ሞታለች። ወንድሞቼ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ሐዋሳ ናቸው። የመጨረሻዋ ልጅ እኔ እዚያው ደብረ ታቦር ሆስፒታል በነርስነት ስለምሠራ አባቴን ያስታመምኩት እኔና ትጓደድ ነን። ሞቶ አርባው ወጥቶ እንግዳው ሲሄድ ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ጥላሁን «ይህ ቤት የእህታችን የማስተዋል ነው፤ እኛ አንካፈለውም» አለ፤ ሌላኛውም አዎ አለ። እኔ አለቀስኩ። በደስታ ያለቀስኩ መስሏቸው አቀፉኝ።

ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። የጀርመኑን ጉዳይ ከጀመርኩ ከርሜያለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ቪዛ እስኪመታ አይወራም፤ ይህን ማንም ተቀምጦ አያስተምረንም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጀርመንኛ የምማረው በስልክ፣ በር ዘግቼ ነበር። ትጓደድ ከውጭ ስትሰማኝ ጉሮሮዬን ያመመኝ መስሏት ጤና አዳም አፍልታ ታመጣልኝ ነበር። ለቋንቋው ፈተና አዲስ አበባ ስሄድ ስልጠና አለብኝ ብዬ ነው የሄድኩት። ታዲያ ወንድሞቼ ቤቱን ሲሰጡኝ አፌን ከፍቼ ልሄድ ነው ማለት አልቻልኩም። ምናልባትም ኤምባሲው ቪዛውን ይከለክለኝ ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ከሁለት ያጣሁ እሆናለሁ።

ከዚያ የሚካኤል ማኅበር ዋለ፤ ለአባቴ ወግ ብዬ ሄድኩ። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ከተጠጣ በኋላ አያ ደምሴ ተነሡ። አያ ደምሴ የማኅበሩ መሪ ናቸው፤ በኛ ወግ ሙሴ ይባላሉ።

«ቀጣዩ ተራ የወርቁ ነበር፤ ነፍሱን ይማርልን» አሉ። «በእግሩ ማን ይተካል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቤቱን የወረሰ ማኅበሩንም ይወርሳል። ጽዋ ሲሰጡት አልቀበልም ያለ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ለምን አልቀበልም እላለሁ? ልሄድ ነው ብዬ? ተነሥቼ ነጠላዬን አስተካክዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እልል ተባለ። አንዲት አሮጊት «ወርቁ አልሞተም» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ጽዋ የተቀበለ ሰው ሳያስረክብ ሩቅ አገር አይሄድም። ስለዚህ በዚያ ቀን ማስተዋል እዚሁ ልትኖር ነው ተብሎ ታወቀ፤ ያሳወቅሁትም እኔው ነኝ።

ቪዛው መጣልሽ የሚለው ስልክ የተደወለልኝ ገና የድግሱ ብቅል ሳይበቅል ነው።

መጀመሪያ ሥራ የሚቀጥረኝን ጀርመናዊ በቪዲዮ አግኝቼ መምጫዬን ትንሽ እንዲያራዝምልኝ ለመንኩት።

«ምክንያቱ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቤቴ እንግዶች አሉብኝ።»

«እንግዶቹ መቼ ይሄዳሉ?»

«ገና አልመጡም።»

የቀን መቁጠሪያውን አየና ቀኑ እንደማይቀየር ነገረኝ። አልፈርድበትም።

ከዚያ አያ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። ጋፋት ካለው ማሳቸው ድንበር ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ፈረንጅ ያኔ እዚሁ ጋፋት መጥቶ ነበር ለንጉሡ መድፍ የሚሠራ» አሉኝ። «አሁን ደሞ እናንተ እሱ ዘንድ ሂዳችሁ ትሠሩለታላችሁ። እሺ፣ ታዲያ ያን ዕለት ምነው ዝም አልሽ?»

«ቪዛው ገና ነበር አያ። ሳይመታ አይወራም ብዬ ነው።»

«ለሰው አታውሪ፣ ደግ። ከሚካኤልም ደበቅሽው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ጋቢያቸውን አራገፉ።

«እኔ ሂጂም አትሂጂም አልልሽም» አሉ ሲነሡ። «ጽዋው ግን የገባው ከዚያ ቤት ነው፤ የሚወጣውም ከዚያው ነው። ቤቱ ሰው አይጣ።»

ጋሽ ጥላሁን ደግሞ ተቃራኒውን ነገረኝ። መሄዴን በስልክ ስነግረው «እንግዲያ ሽጪው» አለኝ። «ሰው የሌለበት ቤት በሁለት ክረምት ይፈርሳል። ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ ቤት ያስቀመጠ ስንት ሰው አውቃለሁ፤ ቤቱ ፈርሷል፣ ሰውየውም አልመጣም።»

በእነዚያ ቀናት ጠዋት እሄዳለሁ ብዬ እነሣለሁ፣ ማታ እቀራለሁ ብዬ እተኛለሁ። ሆስፒታል ስውል መሄድ ይሻለኛል፤ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ቀርቶ ለበሽተኛ «ነገ ተመለሱ» ማለት ሰልችቶኛል። ቤት ስገባ መቅረት ያምረኛል። ቤት ባይኖረኝ ኖሮ ሳላስብ እሄድ ነበር። ሰው የሚሰደደው የለኝም ብሎ ነው፤ እኔ ግን አለኝ። አባቴ በሕይወት እያለ አንድ ቀን እንኳ ይህ ቤት ያስረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የፈታችኝ ትጓደድ ናት። ጌሾ እየወቀጠች ነው የተናገረችኝ።

«ምን ያንገበግብሻል?» አለችኝ። «ብቅሉን እኔ ነኝ የማበቅል፣ ጌሾውን እኔ ነኝ የምወቅጥ። አንቺ ብትኖሪስ ምን ልታደርጊ ኑሯል? ያው ነጠላሽን ለብሰሽ ልትቀመጪ ነው። ሂጂ። ቤቱም ሰው አለው፤ እኔ ሰው አይደለሁም?»

እውነቷን ነበር። አሳፈረችኝ፤ ደስም አለኝ። ስለዚህ በዚያ ምሽት «እሱንስ?» ስትለኝ «እንደተባባልነው አድርጊ፣ እትዬ» አልኳት። ንጋት ላይ ሚኒባሱ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ብዙም አልተላቀስንም፤ ጎረቤት እንዳይሰማ።

አሁን የምኖረው ከላይፕዚግ ወጣ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ማዘጋጃ ቤት ለምዝገባ፣ እነሱ አንሜልዱንግ ለሚሉት ነገር፣ ስሄድ ጸሐፊዋ የቤተሰብ ስም ጠየቀችኝ። የቤተሰብ ስም የለንም፣ ያለኝ የአባቴ ስም ነው አልኳት። «እንግዲያው እሱ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ፍራው ወርቁ ሆኛለሁ፤ ወይዘሮ ወርቁ ማለት ነው። ሥራ ቦታ ከኋላዬ ሲጠሩኝ አባቴ የመጣ ይመስለኝና ዞር እላለሁ።

ቤት ኪራይ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። አከራዬ ፍራው ሆፍማን ያለፈው አከራይሽ ጥሩ ተከራይ መሆንሽን ጽፎ ይፈርምልሽ አለችኝ።

«ተከራይቼ አላውቅም» አልኳት።

«የት ነበር የምትኖሪው?»

«ቤቴ።»

«የማን ቤት?»

«የራሴ።»

«ስንት ክፍል ነው?»

«ስድስት።»

ልታከራየኝ የቆመችበትን አንድ ክፍል ከዳር እስከ ዳር አየችው። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ፤ በክፋት አልነበረም፣ ገርሟት ነው። የምመልስበት ጀርመንኛ አልነበረኝም። ሳስበው አማርኛውም የለኝም። «እንግዲያው ያለፈው አከራይሽ አንቺው ነሽ፣ ራስሽ ጻፊው» አለችኝ። ማስተዋል ወርቁ የተባለችው ተከራይ ንጹሕና ጸጥተኛ መሆኗን መስክሬ ፈረምኩ። ፋይል ውስጥ በክብር አስቀመጠችው።

ሁለተኛው ጠባችን መስኮት ነው። በየቀኑ ጠዋትና ማታ መስኮት ከፍተሽ አየር አስገቢ ትለኛለች፤ ሉፍተን ይሉታል፣ አምልኮ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። «ውጭ እኮ በረዶ ነው» ስላት «ለዚህ ነው የሚከፈተው» አለችኝ። እኛ አገር ብርድ እንዳይገባ ቀዳዳ እንደፍናለን፣ እዚህ ደግሞ ጠርተው ያስገቡታል። የደብረ ታቦር ሰው ብርድ አይፈራም ብዬ እፎክር ነበር። የኛ ብርድ ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ የዚህኛው ከርሞ ይቀመጣል። ዳቧቸው ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፤ የኛን የገብስ ዳቦ ያስታውሰኛል። ሰላምታቸው ግን «ሃሎ» ብለው ማለፍ ነው። እንዴት አደርሽ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ የሚል የለም።

የምሠራው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ነው። ሁሉም ቤት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። አንዲት ሴትዮ ሳጥባቸው ስለ ግቢያቸው የፖም ዛፍ ይነግሩኛል፤ ቤቱ ከተሸጠ ቆይቷል። አንቺስ ቤት አለሽ ወይ ይሉኛል። አለኝ እላቸዋለሁ። «ማን አለበት?» ይሉኛል፤ ትጓደድ አለች እላለሁ። ደስ ይላቸዋል።

የመጀመሪያው ድግስ እንዴት እንደዋለ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ኔትወርክ አልነበረም። ስልኩ ሲሠራ ትጓደድ ሁሉ ነገር ሞልቶ እንደዋለ፣ ጽዋውንም በኔ ስም እንዳስረከበች ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ማኅበሩ በሚጠጣበት ቤት ሁሉ እየሄደች በአባቴ ቦታ ተቀመጠች። ዓመት ዞሮ ተራው ሲመለስም ደገሰች። እኔ ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ሌላ ያደረግሁት የለም። እመጣለሁ ያልኩበት ፋሲካ ፈቃድ አላገኘሁም፤ በቀጣዩ ደግሞ መንገዱ ዝግ ነበር።

ባለፈው እሑድ ደወለች። ከሰላምታው በኋላ ስለ ዝናቡና ስለ እህል ዋጋ አወራችኝ፤ ትጓደድ ወሬ የምታዞር ሴት አይደለችም።

«አያ ደምሴ አንድ ነገር ብለውኝ ነበር» አለችኝ በመጨረሻ። «ማኅበርተኛ ማለት የሚቀመጥ ነው አሉ። ከእንግዲህ በወርቁ እግር ማንን እንቁጠር፣ ማስተዋልን ነው ወይስ አንቺን፣ ጠይቂያት አሉኝ። እኔ አልጠየቅሁም፣ እሳቸው ናቸው።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«እምቢ ብትይ አይከፋኝም። ቦታው ያንቺ ነው።»

እንደማይከፋት ዋሽታኛለች፤ ድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። እኔ ዘንድም የሚታሰብበት ነገር አልነበረም። የጠመቀችው እሷ፣ የተቀመጠችው እሷ፣ ጣራው ሲያፈስ የጠገነችው እሷ። እንዲያም ሆኖ እሺ ለማለት አፌ ከበደኝ። ቤቱ በወረቀት የኔ ነው፣ ማንም አይወስደውም፤ የሚሄደው ሌላ ነገር እንደሆነ ግን ሁለታችንም አውቀናል።

«አንቺ ሁኚ» አልኳት። «እኔ ነኝ ያልኩት በያቸው።»

«ታዲያ አንቺ ስትመጪስ?» አለችኝ።

«ስመጣማ መጥቼ እጠጣለኋ።»

«እንደ እንግዳ?»

«እንደ እንግዳ።»

ከዚያ እንደ ቤቱ እመቤት ድምፅዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ «እንግዲያ ከመምጣትሽ በፊት ንገሪኝ» አለችኝ። «ድንገት መጥተሽ፣ ጓዳው ባዶ ሁኖ እንዳታሳፍሪኝ።»

በአባቴ ቤት እንዳላሳፍራት፣ ቀድሜ እንደምነግራት ቃል ገባሁላት።