አሥራ አራተኛው መስመር

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሬት መሬት እያየ ስለኖረ ባልደረቦቹ «አቀርቃሪው» ይሉታል። ሥራው ማዕድን ሊወጣበት የታሰበ መሬት ከመቆፈሩ በፊት በእግሩ እያሰሰ፣ የጥንት ሰው ትቶት የሄደውን መመዝገብ ነው። ሚስቱ «አዲስ ቀሚስ ብለብስ አያይልኝም፤ አዲስ ጫማ ሳደርግ ግን ወዲያው ያውቃል» እያለች ጎረቤት ታስቃለች። እሱም አብሮ ይስቃል። ግን ደክሞታል፤ ጉልበቱ ካስቸገረው ቆይቷል፣ ጡረታ ሊወጣም ሰባት ወር ነው የቀረው።

የመጨረሻውን ኮረብታ በአርባ መስመር ከፋፍለው ሰጡት። በየመስመሩ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ የሸክላ ስባሪ ሲያገኝ ቦታውን ቅጹ ላይ ያሰፍርና ስባሪውን ለቅሞ ከረጢት ውስጥ ይከታል። ደንቡ እንደዚያ ነው። ዘጠኝ ቦታ ላይ የጥንት መንደር አገኘ። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጉልበቱም እምቢ አለው። ቦታው ገደላማ ነው፣ እዚህ ማን ይኖራል ብሎ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ «ምንም አልተገኘም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። የቀሩትን ሠላሳ ዘጠኝ መስመሮች አንድ እርምጃ ሳያጓድል ሄዶባቸዋል።

ከሦስት ወር በኋላ የቁፋሮው ካርታ መጣ። የመጀመሪያው ጉድጓድ የተሰመረው ልክ እዚያው አሥራ አራተኛው ላይ ነው። በእረፍቱ ቀን ለማንም ሳይናገር ሄደና ዳገቱን በእጁም በእግሩም እየዳኸ ወጣው። እኩሌታው ላይ የጥንት ብረት ማቅለጫ ምድጃ አገኘ፤ ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ቆሟል፣ ዙሪያውን ከቀለጠው ብረት የተረፈ ጥቁር ዝቃጭ ተከምሯል። አጠገቡ ተቀምጦ በራሱ አፈረ።

አለቃው ዱሮ እሱ ራሱ ሥራውን ያስተማራት ሴት ናት። ሄዶ የሆነውን ነገራትና ጥፋቱን ጽፎ ሊያስታውቅ እንደሆነ ሲነግራት፣ ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ከጻፉ ሌላውንስ ማን ያምንዎታል? ዘጠኙም ቦታ የቆመው በእርስዎ ቃል ነው።»

«ሌላውን በእግሬ ነው የሄድኩት።»

«እኔማ አውቃለሁ። የማዕድን ኩባንያው ግን ቦታዎቹን ለማሰረዝ ምክንያት ነው የሚፈልገው። ዝም ቢሉ የሚጠፋው አንድ ነው።»

ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ አንድ ሳያስቀር ነገራት። እሷም ልብስ እያጠፈች ሰማችው።

«አሁን ዝም ብትል ትችለዋለህ?»

«ምድጃውን እኮ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለችው።

በማግስቱ ጥፋቱን በደብዳቤ ጽፎ አስገባ። ሌላ ቡድን መጥቶ ኮረብታውን እንደ አዲስ አሰሰው። ምድጃው ተረፈ። ከዘጠኙ መንደር ሰባቱ የግንብ ፍርስራሽ ስለነበራቸው ማንም አልነካቸውም። ሁለቱ ግን የሸክላ ገል ብቻ ነው የነበራቸው፤ ገሉን ደግሞ እሱ ለቅሞ ጨርሶታል። ከዚያ መሬት ላይ ለመነሣቱ ያለው ምስክር የእሱ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለቱም ከመዝገብ ተሰረዙ።

ዶዘሩ በገባበት ቀን ማንም ሳይጠራው ሄደ። ያኔ ሲያስስ፣ ከሁለቱ አንዱ ቦታ ላይ የሸክላ ሠሪዋ አውራ ጣት የታተመበት ስባሪ አግኝቶ፣ ብዙ ደቂቃ በእጁ ይዞት ነበር። አሁን እዚያው ቦታ ላይ ዶዘሩ ፊት ቆሞ እጁን አነሣ። ሾፌሩ ሞተሩን ቀነሰለት።

«ልጄ፣ እዚህ ሰው ኖሮበታል። ይሄኛውን በእግሬ ሄጄ ነው ያገኘሁት። እውነቴን ነው።»

«አባባ፣ እኔ አምንዎታለሁ» አለ ሾፌሩ። «የእኔ ማመን ግን ምን ያደርግልዎታል? ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

ፈቀቅ አለለት።